ድሬ ላይ ደህና ነኝ፣ ሐረር ዳገት ላይ ግን ትንፋሽ ያጥረኛል፦ በብርድ ወራት ከጓደኛ ጋር ጋራ ላይ መሮጥ

ጥያቄ፦ «አቦ መላ በሉኝ። የድሬ ልጅ ነኝ፤ 29 ዓመቴ ነው። በመስከረም መጨረሻ ለሥራ ሐረር ገባሁ። ድሬ እያለሁ ከሳቢያን ተነስቼ በአስፋልት 10 ኪሎ ሜትር ሳልቆም እሮጥ ነበር። እዚህ አንድ ጓደኛ አገኘሁና ከኅዳር ጀምሮ አብረን ሐኪም ጋራ ወደሚባለው ተራራ እየወጣን ነው። የምንነሳው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ገና የመጀመሪያውን ዳገት ስንይዝ ትንፋሽ ያጥረኛል። ቤት ስገባ ደግሞ ደረቅ ሳል ይነሳብኝና ሙቅ ሻወር እስክወስድ አይለቀኝም። ጓደኛዬ የሐረር ልጅ ነው። ጥሎኝ ይወጣና ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። እስክደርስ ድረስ በብርድ ይንቀጠቀጣል። እማዬ ሰምታ ‹ሳንባ ምች ሊመታህ ነው፣ ተው› ትለኛለች። የሰፈር ሰው ደግሞ ላስቲክ ለብሰህ በደንብ ካላበህ አትለምደውም ይላል። ለየብቻችን እንሩጥ? ወይስ ብርዱ እስኪያልፍ ልተወው? እውነቱን ለመናገር እኔን ከአልጋ የሚያስነሳኝ ሩጫው ሳይሆን ከእሱ ጋር ያለው ጨዋታ ነው።»

ምላሽ፦

አትለያዩ። ሩጫውንም አታቁሙ። መቀየር ያለበት የምትነሱበት ሰዓት፣ የምትጀምሩበት ቦታና ፍጥነታችሁ ነው። የአንተ ትንፋሽ ማጠር፣ ሳሉ፣ የጓደኛህ መንቀጥቀጥ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ። ሥራቸው ግን አንድ ነው። ያልሞቀ ሰውነት ይዛችሁ፣ በጨለማ፣ በእሱ ፍጥነት ዳገቱን ትጀምራላችሁ።

መጀመሪያ ከፍታውን ከመንገድ ላይ እናንሳው፤ ሁሉም ሰው ጥፋቱን የሚጥለው እሱ ላይ ስለሆነ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ። ብዙ ሰው ሐረር ላይ «ኦክስጅን የለም» ይላል። የኦክስጅን ድርሻ ሁለቱም ጋ ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ድሬ ላይ ግፊቱ የባሕር ወለሉን 87 በመቶ ያህል ነው፤ ሐረር ላይ 80 በመቶ ያህል። ልዩነቱ ይሰማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃ ስትወጣም ሳይሰማህ አልቀረም። ነገር ግን ሰውነት ለእንዲህ ያለ መጠነኛ ከፍታ የሚያደርገውን ማስተካከያ አብዛኛውን በ2 እና በ3 ሳምንት ውስጥ ይጨርሳል። አንተ ከመስከረም ጀምሮ እዚህ ነህ። ስለዚህ ከፍታው ዛሬ ዋናው ጥፋተኛ አይደለም።

ዋናው ጥፋተኛ ዳገቱ ነው። ከሳቢያን እስከ ከዚራ የምታውቀው መንገድ ሜዳ ነው። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ ላይ በሜዳው ፍጥነት ልሩጥ ብትል፣ ሰውነትህ የሚያወጣው ጉልበት ከግማሽ በላይ ይጨምራል። የሐኪም ጋራ አቋራጭ መንገዶች ደግሞ በብዙ ቦታ ከዚህም ይብሳሉ። እግርህ «እንደ ወትሮው እየሮጥኩ ነው» ይልሃል፤ ልብህና ሳንባህ ግን የውድድር ያህል እየሠሩ ነው። በዚያ ፍጥነት ብዙ ሰው ረጅም ጊዜ አይቆይም። የተራራ ሩጫ ተወዳዳሪዎች እንኳ ቀጥ ያለ ዳገት ሲያገኙ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይራመዳሉ። በእግር መውጣት ሽንፈት አይደለም። እዚህ አገር ግን ሮጦ የተራመደ ሰው ይታፈርበታልና ይህን ደግሜ እለዋለሁ፤ ዳገቱን ተራመድ።

ወደ ሳሉ ልምጣ። ጎህ ሲቀድ የሐረር አየር ቀዝቃዛ ብቻ ሳይሆን ደረቅም ነው። ተቀምጠህ ስትተነፍስ አፍንጫህ አየሩን ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል፣ አቧራውንም ያስቀራል። ስትሮጥ የሚያስፈልግህ አየር ብዙ እጥፍ ስለሚሆን አፍህን ትከፍታለህ። ያ ደረቅ አየር ሳይታጠብ ሳይሞቅ በቀጥታ የመተንፈሻ ቱቦህ ላይ ያርፋል። ቱቦው እርጥበቱን ያጣል፣ ይቆጣል፣ በአንዳንድ ሰው ላይም ይጠባል። ሳሉ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በሩጫው መሃል አይደለም። ሩጫው ባበቃ በ5 ወይም በ10 ደቂቃ ውስጥ ይመጣል፤ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል። አንተ የገለጽከው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሻወሩ ያዳነህ የመሰለህ በዋናነት ሰዓቱ ስለደረሰ ነው። እንፋሎቱም ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ውኃ ከመጣ ማለቴ ነው።

መፍትሔው በዝግታ መጀመር ነው። ከቤት ወጥታችሁ ወዲያው ዳገቱን አትያዙ። የጁገልን ግንብ በውጭ በኩል ዙሩት። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሙሉውን መዞር ካልፈለጋችሁ ከሸዋ በር እስከ ቡዳ በር ያለው ይበቃል፤ ባይበቃ ተመለሱበት። 10 ደቂቃ ያህል በፈጣን እርምጃና በሶምሶማ ሂዱ። ከዚያ ለ20 ሰከንድ ያህል ፈጠን ብላችሁ ሮጣችሁ ረገብ በሉ፤ ይህን 4 ወይም 5 ጊዜ ድገሙት። ቱቦው አንድ ጊዜ እንዲህ ከተነካካ በኋላ ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት ያህል ቁጣው የሚበርድላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አፍና አፍንጫህን በቀጭን ሻርፕ ሸፈን አድርገው። የምታስወጣው ትንፋሽ ጨርቁን ያረጥበዋል፤ የምታስገባው አየር በዚያ እርጥበት ውስጥ ያልፋል።

ሌላው ጉዳይ ጭሱ ነው። ብዙ ሰው የሌሊት አየር ከሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። በብርድ ወራት ከተማ ውስጥ ይህ እውነት አይደለም። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መሬቱም ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ይለቃል። ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ይበልጥ ይቀዘቅዝና ክብደት ኖሮት ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይተኛል። የማገዶውና የከሰሉ ጭስ፣ የባጃጁ ጭስ፣ የመንገዱ አቧራ አብሮ ይታሰራል። ጎህ ሲቀድ ከጋራው ላይ ሆናችሁ ወደ ከተማው ቁልቁል ተመልከቱ። ከሚናሬዎቹ ወገብ በታች ተዘርግቶ የሚታየው ሰማያዊ መጋረጃ ጉም አይደለም። እናንተ 11 ሰዓት ላይ ሮጣችሁ የምታልፉት በዚያ ውስጥ ነው። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ስታሞቀው መጋረጃው ይበተናል።

ስለዚህ ሰዓቱን ቀይሩ። በእነዚህ ወራት እዚህ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት ውጡ። ሥራ 2 ሰዓት ተኩል የሚገባ ሰው ለ50 ደቂቃ ሩጫና ለመተጣጠብ ጊዜ አለው። ረጅሙን ሩጫ ለቅዳሜ ወይም ለእሑድ አቆዩት። ድሬ ላይ ሌሊት መነሳት የለመድከው ፀሐይዋን ሸሽተህ ነው፤ በግንቦት ትክክል ነበርክ። በታኅሣሥ ሐረር ግን የጠዋት ፀሐይ ወዳጅህ ናት። ከ3 ሰዓት በኋላ ግን ኮፍያ አድርጉ። ደጋ ላይ ጥርት ካለ ሰማይ ጋር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር ከቆላው ይበረታል፤ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ሰው አያስተውለውም።

በጨለማ አለመውጣት ሌላም ጥቅም አለው። ስለ ጅብ ለሐረር ልጅ ማስተማር ድፍረት ነው። ጓደኛህ ማታ ማታ በፈላና በር በኩል ጅብ በእጅ ሲበላ እያየ ነው ያደገው። ሆኖም ሰው የለመደ ጅብ ማለት ለማዳ ጅብ ማለት አይደለም፤ ሊነጋጋ ሲል ወደ ጋራው የሚመለስ ጅብ ከሚሮጥ ሰው ጋር በጠባብ መንገድ ባይገናኝ ይሻላል። እኔን ከጅቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ውሻ ነው። ውሻ ሲመጣባችሁ አትሩጡ። ቁሙ፣ ጀርባ አትስጡ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ። ከነከሰ ወይም ቧጥጦ ካደማ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ባለቤት ያለው ውሻ ነው» ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው።

እናትህ ስለ ሳንባ ምች የሰጉት ከፍቅር ነው፤ መልሱ ግን እንዲህ ነው። ሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ እንጂ ብርድ አይደለም። በብርድ ወራት ጉንፋን የሚበዛው አንዱ ምክንያት ሰው ቤት ዘግቶ ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥ ነው። አንተ ደግሞ ከቤት ውጭ፣ ሜዳ ላይ ነህ። እሳቸው ልክ የሚሆኑበት አንድ ቦታ አለ። ትኩሳት ካለህ፣ ጡንቻህን ከቆረጠመህ ወይም ሳሉ ከደረት የሚመጣ ከሆነ ሩጫ የለም። ትኩሳት ይዞ መሮጥ ልብን ሊጎዳ ይችላል። አፍንጫህ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ በዝግታ መሮጥ ትችላለህ። ድሬ ወርደህ ከተመለስክ በኋላ የመጣ ትኩሳትን ደግሞ «ብርድ መታኝ» ብለህ አትለፈው። ወባም ዴንጊም ይሆናል፤ ተመርመር። ሳይመረመሩ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ በዴንጊ ላይ የመድማት አደጋን ያከብዳል።

ላስቲኩን ዛሬውኑ ጣለው። ላስቲክ ለብሶ ማላብ ብርድ አያስለምድም፣ ስብም አያቀልጥም። ሚዛን ላይ የቀነሰው ውኃ ነው፤ ስትጠጣ ይመለሳል። ሐረር ላይ የሚያደርግህ ነገር ውስጥህን አርጥቦ ቁልቁል ስትወርድ ማንቀጥቀጥ ነው። ድሬ ላይ በሙቀት ብታደርገው ደግሞ ራስህን ስተህ ልትወድቅ ትችላለህ። አለባበሱ ቀላል ነው። ከቤት ስትወጣ ትንሽ ሊበርድህ ይገባል። ከቤት ስትወጣ ደልቶህ ከሆነ ከ10 ደቂቃ በኋላ ያልብሃል። ከሥር ላብ የማይዝ ስስ ቲሸርት፣ ከላይ ንፋስ የሚከላከል ቀጭን ጃኬት። ጥጥ ላቡን ይዞ ቆዳህ ላይ ይለጠፋል። ሰልባጅ ተራ ገብተህ ብትፈልግ ለዚህ የሚሆን የስፖርት ልብስ በትንሽ ብር ታገኛለህ። ጃኬቱን ስትሞቅ ወገብህ ላይ እሰረው፤ ልክ ስትቆም መልሰህ ልበሰው። የጓደኛህ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ላብ በላብ ሆኖ ጋራው አናት ላይ፣ ንፋስ ላይ፣ በቲሸርት ይቆማል። ሮጦ የቆመ ሰው ሙቀት ማምረቱን ወዲያው ይቀንሳል፤ ላቡ ግን መትነኑን አያቆምም፣ ንፋሱም ያፈጥነዋል። ስለዚህ ይንቀጠቀጣል።

ግን ዋናው መፍትሔ ጃኬት አይደለም። ዋናው መፍትሔ እሱ ጨርሶ ቆሞ እንዳይጠብቅህ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም የጥያቄህ ልብ ያለው መጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ነው።

ሐኪሞችም አሠልጣኞችም የምንጠቀምበት ርካሽ መለኪያ አለ። እየሮጥክ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ከቻልክ ቀላል ፍጥነት ላይ ነህ። ሦስት አራት ቃል ብቻ እያልክ ትንፋሽ የምትስብ ከሆነ መካከለኛ ነው። «እ» ብቻ ከሆነ መልስህ፣ ከባድ ነው። ጽናት የሚገነባው አብዛኛው ሩጫ በመጀመሪያው ደረጃ ሲሆን ነው። ልብ ደም የመርጨት አቅሙን የሚያሳድገው፣ ጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚበዙት በዚያ ረጋ ባለ ሥራ ነው። ይህን መለኪያ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ይረሳዋል፤ ከማን ጋር ያውራ? አንተ ግን ጨዋታ የሚወድ ጓደኛ አለህ። ጨዋታው ከተቋረጠ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ስለ ኳሱ ይሁን፣ ስለ አለቃችሁ ሐሜት ይሁን፣ እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው። ጆሮ ማዳመጫውን ግን ቤት ተዉት።

በዚህ መሠረት ቀስ የሚለው ይምራ። ከፊት አንተ ሁን፣ እሱ ከኋላህ ይከተል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ጫካ ውስጥ የሚሠለጥኑ አትሌቶችን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በሰልፍ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ ነው የሚሮጡት። ዳገት ላይ ደግሞ ጓደኛህ ጉልበቱ ከተረፈው ቀድሞ ይውጣና ሳይቆም ዞሮ ወደ አንተ ይውረድ። ሲያገኝህ እንደገና አብሮህ ይውጣ። አንተ አንድ ጊዜ ስትወጣ እሱ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ላቡ ሳይቀዘቅዝ፣ አንተም «አስጠበቅኩት» ብለህ ሳትሳቀቅ፣ ሁለታችሁም በየአቅማችሁ ትሠራላችሁ። ርቀት አትቁጠሩ፤ ሰዓት ቁጠሩ። «ዛሬ 45 ደቂቃ» ተባባሉ። ጋራ ላይ ኪሎ ሜትር መቁጠር የሚያተርፈው ንዴት ብቻ ነው።

አብሮ የመሮጥ ደስታ በጨዋታ ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ አካላዊ መሠረትም አለው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቀዛፊዎች ላይ የተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት ነበር። ቀዛፊዎቹ ለብቻቸውም አብረውም ያንኑ ያህል ሠሩ። አብረው ከቀዘፉ በኋላ ሕመም የመቻል አቅማቸው ብቻቸውን ከቀዘፉበት ቀን ይበልጥ ከፍ አለ። ጥናቱ የተሠራው በጥቂት ሰዎች ላይ ነውና ብዙ አልጭንበትም። ግን አንተ የምታውቀውን ነገር ነው የሚናገረው። በኅዳር ብርድ ብርድ ልብሱን ገልጠህ የምትነሳው በር ላይ የሚጠብቅህ ሰው ስላለ ነው። ለጽናት ከዚህ የበለጠ መድኃኒት እኔ ጽፌ አላውቅም።

ደስታው ከጁገል ከወጣችሁ በኋላ ዓይናችሁ ፊትም ነው። ማሽላው ታጭዷል። እርከኑ ላይ የቀረው ደረቅ አገዳ ሲረገጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጫት የተሸከሙ እናቶች ወደ ገበያ ሲወርዱ ታገኛላችሁ። ሩጫችሁን ቀዝቀዝ አድርጉ፣ «አካም ቡልተን» በሉ፣ መንገዱን ለቀቅ አድርጉ። ማሳ መሃል ማቋረጥ ስትፈልጉ ባለቤቱን ጠይቁ። ጋራው ላይ ያለው የአው ሐኪም መቃብር የሚከበር ቦታ ነውና አጠገቡ ስትደርሱ ተራመዱ። መንገድ ላይ የሚያውቃችሁ ሰው መብዛቱ ለደኅንነታችሁም ነው። ወደማታውቁት አቅጣጫ ከመሄዳችሁ በፊት ስለ አካባቢው ሁኔታ ነዋሪውን ጠይቁ፤ የት እንደምትሄዱም ለቤት ሰው ንገሩ።

አንድ ያልጠየቅከኝ ነገር አለ፤ በዚህ አገር ስለ ሩጫ ጽፎ እሱን መዝለል ግን ታማኝነት አይደለም። ጫት። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ከበርጫ በኋላ በምርቃና መሮጥ ቀላል ይመስላል፤ ድካሙ ስለተሸፈነ ነው። ልብህ ግን ቀድሞውንም እየደለቀ ዳገት እንዲወጣ ትጠይቀዋለህ። ከቃምክ በዚያን ቀን አትሩጥ። ሌሊቱን ሳትተኛ ካደርክ የጠዋቱንም ተወው። አትቅም እያልኩ ስብከት አልያዝኩም፤ ሁለቱን አንድ ላይ አታድርግ ነው የምለው። ከሥራ በኋላ 11 ሰዓት ላይ መሮጥ ለአየሩ ጥሩ ሰዓት ቢሆንም ብዙ ሰው ጋ ከበርጫው ጋር ስለሚጋጭ ነው ጠዋቱን የመረጥኩላችሁ።

ቁልቁለቱን አትናቁት። ትንፋሽ የሚፈትነው ዳገቱ ነው፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚያበላሸው ግን ቁልቁለቱ ነው። ልቅ ጠጠር ላይ ረጅም እርምጃ አትጣል። አጭርና ፈጣን እርምጃ አድርግ፣ ዓይንህን ከ3 እስከ 4 ሜትር ፊት አድርግ፣ ከጓደኛህ ጋር ራቅ ራቅ በሉ። ሶሉ ያለቀ የአስፋልት ጫማ ለዚህ አይሆንም፤ ጥርስ ያለው ሶል ፈልግ። ቁርጭምጭሚት ከተጠማዘዘ ወዲያው ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሸት የተለመደ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አታሳሽ። የተቀደደ ጅማት ሲታሽ ይበልጥ ይደማል፣ ይበልጥ ያብጣል። ከፍ አድርገህ አስቀምጠው፣ በፋሻ እሰረው፣ በጨርቅ በተጠቀለለ በረዶ አቀዝቅዘው። 4 እርምጃ መራመድ ካቃተህ ወይም የቁርጭምጭሚቱን አጥንት ጠርዝ ሲጫኑት የሚያምህ ከሆነ ራጅ መነሳት አለብህ። ከሩጫ በፊት ለጉልበት ሕመም ዳይክሎፌናክ የሚውጡም አሉ። ሕመሙን ይደብቃል፣ ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይም ኩላሊትን ይጎዳል። አይደረግም።

እንግዲህ ለ6 ሳምንት ይህን አድርጉ። በሳምንት 3 ቀን ሩጡ፤ ሁለቱን አብራችሁ፣ አንዱን ለየብቻ። የብቻው ቀን ለጓደኛህ በራሱ ፍጥነት የሚጠነክርበት ነው፤ ለአንተ ደግሞ 30 ደቂቃ ረጋ ያለ ሶምሶማ። ከአብሮ ቀኖቹ አንዱ ከግንቡ ዙሪያ ተነስቶ ወደ ሐኪም ጋራ ሥር ደርሶ የሚመለስ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይሁን፤ ዳገቱ በእርምጃ፣ ሜዳውና ቁልቁለቱ በሶምሶማ። ሁለተኛው የሳምንቱ መጨረሻ ነው፤ ከ60 ደቂቃ ጀምራችሁ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ጨምሩ። ለአንድ ሰዓት ውኃ መሸከም የግድ አይደለም። ከዚያ ካለፈ ግማሽ ሊትር ያዙ፤ በብርድ ጥም አይሰማም እንጂ በየትንፋሹ ውኃ ይወጣል። ስትመለሱ ላብ የነካውን ልብስ ቀይራችሁ ፉል ወይም ፈጢራ፣ ከላዩ ሆጃ የሚባለው ትኩስ የሐረር መጠጥ። ይህን ትእዛዝ ማንም ሲጥስ አላየሁም።

ቦታ መቀያየር ከፈለጋችሁ፣ ሐረማያ ሐይቅ ዳር ሜዳ ስለሆነ ትንፋሽህን ለማደላደል ጥሩ ነው። ከሐረር ትንሽ ከፍ ስለሚል ጠዋት ውርጭ አለ፤ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ሂዱ። ቤተሰብ ለመጠየቅ ድሬ ስትወርዱ ይህ ወቅት ለዚያ ከተማ ከሁሉ የተሻለው ነው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ 20 ደቂቃ መሮጥ ባትህን በደንብ ያስተምረዋል። ዝናብ ሲጀምር ግን አሸዋው ላይ አትገኙ፤ ጎርፉ የሚመጣው ደጋው ላይ ከዘነበው ዝናብ ነው፣ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል። ወደ ድሬ በሚወርደው የደንገጎ አስፋልት ላይ መሮጥን አልመክርም፤ ጠመዝማዛ ነው፣ የጭነት መኪና ይበዛበታል። የባቢሌ ዳካታ የድንጋይ ሸለቆ ከሐረር ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ነው፤ ከ6 ሳምንቱ በኋላ ለአንድ እሑድ ይሆናችኋል፣ ለመመለሻ ለውዝ ታገኛላችሁ።

የምክሬ ወሰን እዚህ ላይ ነው። ሳልመረምርህ አስም የለብህም ማለት አልችልም። በዝግታ ጀምረህ፣ ሰዓቱን ቀይረህ፣ ከ2 ሳምንት በኋላም ከሩጫ ስትመለስ ሳሉ ከቀጠለ፣ ወይም ደረትህ ሲር ሲር ካለ፣ ሐኪም ጋ ሄደህ ትንፋሽህን አስለካ። ከሩጫ በፊት የሚነፋ መድኃኒት ሊታዘዝልህ ይችላል። የሌላ ሰው አትዋስ። ቀኑን ሙሉ የሚያስልህ ሆኖ 2 ሳምንት ካለፈው፣ ማታ የሚያልብህ ወይም ክብደት የሚቀንስህ ከሆነ የቲቢ ምርመራ አድርግ። ደም ያለበት አክታ ካየህ ደግሞ አንድ ቀንም አትጠብቅ። እየሮጥክ ደረትህን ጨምድዶ ከያዘህ ወይም ራስህን ከሳትክ፣ ሐኪም ሳያይህ እንደገና አትሩጥ።

የኩንዱዶን ተራራ ዘንድሮ እርሱት። አናቱ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ነው፣ ሙሉ ቀን ይወስዳል፣ የአካባቢውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የዱር ፈረሶቹን ለማየት በእግር ውጡ፤ ሩጫው ለሚቀጥለው ታኅሣሥ ይቆይ።